ውሃው ባዶ ነው

ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩን ማን ነው ገርበብ አድርጎ የተወው? ዝጉት። ነፋስ ነው ትሉኛላችሁ። ነፋስም ይሁን፣ ብቻ ዝጉት። የኩራዙ ጋዝ ሊያልቅ ነው፤ እስኪጠፋ አወራለሁ፣ ሲጠፋም አወራለሁ። ግን አንድ ነገር እንስማማ። እኔ በየመሃሉ «አላችሁ?» እላለሁ፤ እናንተ «አለን» ትላላችሁ። ዝም ያለ ሰው ተኝቷል ማለት ነው፤ ለተኛ ሰው ደግሞ አፌን አላደክምም። ሞላልኝ፣ አንተን ነው። ገና ሳልጀምር ግድግዳውን ተደግፈሃል።

አላችሁ?

ደግ።

ድሮ ነው። እኔ አልነበርኩም፣ እናንተም አልነበራችሁም። ከባሕሩ ዳር አንድ መንደር ነበረ። ስሙን አልነግራችሁም፤ እዚያ ዘመድ ያላችሁ ትኖራላችሁ። ሰዓቱ ዶሮ ሳይጮህ ነው። ወቅቱ ክረምት ነው። ጨለማው ዓይን ቢወጉ የማይታይበት ጨለማ ነው። ከመንደሩ ወደ ውሃው አንዲት ቀጭን መንገድ ትወርዳለች፤ ግራና ቀኟ ደንገል ነው፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ደንገል። በዚያች መንገድ አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል። ታንኳውን ጭንቅላቱ ላይ ተሸክሟል። ስሙ አዛናው ይባላል።

አሁን ልጠይቃችሁ። በዚያ ሰዓት ዓሣ አጥማጅ ብቻውን ምን ይሠራል?

አታውቁም። እኔ ልንገራችሁ። በዚያ መንደር ብቻውን ውሃ የሚገባ ሰው አልነበረም። ሁሉም አብሮ ይገባል፣ አብሮ ይወጣል። ማታ መረቡን ጥሎ ይመጣል፤ ሊነጋጋ ሲል በጨለማ ሄዶ ያነሳል። ለምን በጨለማ? ዓሣውን የሚገዛው ባለ በረዶ ነጋዴ ጎህ ሲቀድ መኪናውን ዳር ላይ ያቆማል፤ ፀሐይ የመታውን ዓሣ ደግሞ በእግሩም አይነካ።

መረቡ ሁሉ ከተነሳ በኋላ ሽማግሌያቸው አያ ቢምረው ታንኳው ላይ ቆሞ ስም ይጠራል። በጨለማው ውስጥ አንዱ ሌላውን አያይም። ስሙ የተጠራ «አለሁ!» ይላል። ቀጣዩ ይጠራል፤ እሱም «አለሁ!» ይላል። ሁሉም ሲመልሱ አያ ቢምረው «ውሃው ባዶ ነው!» ብሎ ይጮሃል። የዚያን ጊዜ ሁሉም ወደ ዳር ይቀዝፋል።

አንድ ሰው ያልመለሰ እንደሆነስ? ማንም አይወጣም። ሁሉም ታንኳውን አዙሮ ያንን ሰው ይፈልጋል። ፀሐይ ይወጣል፣ ዓሣው ይበላሻል፣ ነጋዴው ተሳድቦ ይሄዳል፣ በየቤቱ ያለው ሰው የሚበላው ያጣል። ማንም ግን አያጉረመርምም። ማለቴ ያጉረመርማል፤ እያጉረመረመ ይፈልጋል።

ሌላም ሕግ አለ። ይህንን ልብ በሉ። «ውሃው ባዶ ነው» ከተባለ በኋላ ከባሕሩ የሚጣራ ድምፅ ቢሰማ ማንም ዞር አይልም። ሕያው ሁሉ መልሷል። ከዚያ በኋላ ውሃው ላይ ቀርቶ የሚጮህ ሰው አይደለም። ጆሮህን ደፍነህ መቅዘፍ ነው።

አላችሁ?

እንግዲህ በዚያ መንደር ዓሣ አጥማጅ የሚባለው መረብ ያለው ሰው አይደለም፣ ታንኳ ያለውም አይደለም። ስሙ የሚጠራ ሰው ነው። አዛናው እንጉዳይን ሊያገባ ሽማግሌ ሲልክ አባቷ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «ስሙ ይጠራል?» አሉ። «ይጠራል» ተባሉ። በቃ፣ ሰጡ። ላም አለው ወይ፣ መሬት አለው ወይ፣ ጠጪ ነው ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። ትንሽ ጠጪ ነበረ።

ታዲያ የአዛናው ስም የገባው በሌላ ሰው ቦታ ነው። ይርሳው የሚባል ነበረ። ይርሳው በአንድ ክረምት የወንዙ አፍ ላይ ሰጠመ፤ ሬሳውም አልተገኘ። ተዝካሩ ወጣ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። በማግስቱ አያ ቢምረው ስም ሲጠራ ይርሳውን ዘለለው። የሞተ ሰው ስም መጥራት ትንፋሽ መጨረስ ነው፣ አለ። በዘለለው ቦታ አዛናውን አስገባው።

እስቲ አስቡት። ውሃው ውስጥ ናችሁ። ስም ሲጠራ ትሰማላችሁ። የእናንተ ተራ ይደርሳል፤ የሌላ ሰው ስም ይጠራል። ምን ትላላችሁ? ምንም አትሉም። ትጠብቃላችሁ።

ወደ አዛናው ልመለስ። ያን ክረምት ዓሣ ጠፋ። ለሁሉም ጠፋ፤ ለአዛናው ግን ባሰበት። መረቡን ሲያነሳ የሚወጣው ቅጠል ነው። ዳር ላይ ዓሣ የሚያራግፉት ሴቶች ገና ሲያዩት መሳቅ ይጀምራሉ። «አዛናው ዛሬም ውሃ አጥምዶ መጣ» ይላሉ። ለእንጉዳይም ያንኑ ይሏታል። እሷ መልስ ትሰጣቸው ነበረ፤ በኋላ ግን መልስ መስጠት ተወች። አዛናውን ያቃጠለው ይሄ ነው። ሚስቱ ዝም ማለቷ።

የወንዙ አፍ ግን በዓሣ ይፈላል። በክረምት ዓሣዋ ልትወልድ ወደ ወንዙ ትወጣለችና እዚያ ትከማቻለች። ለዚህም ሲባል እስከ መስከረም ማንም እዚያ መረብ አይጥልም። እናቲቱን በልተህ በሚመጣው ዓመት ምን ልታጠምድ ነው? የጣለ ሰው ከተገኘ አይመታም፣ አይቀጣም። ስሙ ይወጣል፣ በቃ። ስሙ ከወጣ አብሮት የሚገባ የለም፣ ቢሰጥም የሚፈልገው የለም። ሕያው ሆኖ ይርሳውን ይሆናል።

አዛናው ይህን ሁሉ ያውቃል። አውቆም ሄደ። ከሰው በፊት ልግባ፣ ከወንዙ አፍ ላንሳና ስም ሳይጠራ ልቀላቀል፣ አለ። ጨለማ ነው፣ ማን ያየኛል፣ አለ። ደግሞም ተሳካለት። ታንኳው በዓሣ ሞልቶ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቀለ። «አዛናው!» ሲባል «አለሁ፣ አያ!» አለ። ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚመልሰው። ሌሎቹ «አለሁ» ብቻ ይላሉ፤ እሱ «አያ»ን ይጨምራል። አክባሪ ነበረ።

ሴቶቹ ሳቃቸውን አቆሙ። እንጉዳይ ዳር ድረስ ወርዳ በረጅሙ አወራች።

አንድ ሌሊት መረቡ የወንዙ አፍ ላይ ከዛፍ ሥር ጋር ተያያዘበት። ይጎትታል፣ እምቢ። ይጎትታል፣ እምቢ። እንዲህ ሲታገል የአያ ቢምረው ድምፅ በውሃው ላይ መጣ። ስም እየተጠራ ነው።

አዛናው ደረቀ። «አለሁ» ካለ ድምፁ ከወንዙ አፍ እንደሚመጣ ሁሉም ይለያል፤ ስሙ ይወጣል። ዝም ካለ ደግሞ ሁሉም ፍለጋ ይዞራሉ፣ እዚሁ ያገኙታል፤ ያኔም ስሙ ይወጣል። ምን ያድርግ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

«አዛናው!» አለ አያ ቢምረው።

አዛናው መረቡን እንደጨበጠ ቀረ።

«አለሁ» አለ አንድ ድምፅ።

አዛናው አይደለም። አዛናው አፉን አልከፈተም። ድምፁ የመጣው ከመሃል ባሕር ነው። ወፍራም ነው፤ አፉን ውሃ ሞልቶት የሚናገር ሰው ይመስላል። አያ ቢምረው ቀጣዩን ስም ጠራ።

አዛናው ምን አለ? እፎይ አለ። አንዱ ደግ ሰው ሸፈነልኝ፣ አለ። መረቡን አላቀቀ። ሰዉ ዳር ላይ ዓሣ ሲያራግፍ እሱም ከደንገሉ ውስጥ ብቅ ብሎ ተቀላቀለ።

«አዛናው፣ ጉንፋን ይዞሃል እንዴ?» አለው አያ ቢምረው።

«ትንሽ» አለ።

ማን እንደሸፈነለት አልጠየቀም። እንዴት ብሎ ይጠይቅ? «የወንዙ አፍ ላይ ሆኜ ማን መለሰልኝ?» ይበል?

ቤቱ ሲደርስ እንጉዳይ በሩ ላይ ቆማ መሬቱን ታያለች። ደጁ ረጥቧል። የደንገል ቅጠል ተበትኗል።

«ቅድም መጥተህ በር ላይ ቆመህ ምነው ሳትገባ ተመለስክ?» አለችው። «ግባ ስልህ ዝም አልከኝ።»

አዛናው አፉን ከፈተ። እኔ አልነበርኩም ካላት፣ ታዲያ የት ነበርክ ትለዋለች። አፉን ዘጋ። እንደገና ከፈተ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ሌላ ማን ይሆናል?»

አላችሁ? ሞላልኝስ አለ? ተዉት፣ ትንሽ ያሸልብ። በኋላ ይቆጨዋል።

ሰው አንዴ የሚሸፍንለት ካገኘ ምን ያደርጋል? ይለምዳል። አዛናውም ለመደ። ወደ ወንዙ አፍ ይሄዳል፣ ተረጋግቶ ያነሳል፣ ስሙ ሲጠራም አይቸኩልም። «አዛናው!» ይባላል። «አለሁ» ይላል ያ ድምፅ። በሌላው ሌሊት ድምፁ ጥርት አለ፣ አፉ ውስጥ የነበረው ውሃ ጎደለ። «ጉንፋኑ ለቀቀህ» አለው አያ ቢምረው። በሌላው ሌሊት ደግሞ ድምፁ የራሱ የአዛናው ሆነ። ከዚያ አንድ ሌሊት፣

«አዛናው!»

«አለሁ፣ አያ!»

አዛናው ይህን ሲሰማ መቅዘፊያው ከእጁ ወደቀ። ያኔ ፈራ። ግን ታንኳው ሞልቶ ነበር፤ መቅዘፊያውን ከውሃው አንሥቶ ወደ ዳር ቀዘፈ።

ቤቱ ሲገባ ምድጃው ጠፍቷል። እንጉዳይ አልጋው ላይ ተኮራምታ ተቀምጣለች።

«ዛሬስ ገባህ» አለችው። «ምድጃው ዳር ተቀመጥክ። ከልብስህ የሚንጠባጠበው ውሃ እሳቱን አጠፋብኝ። ምን ሆነሃል? ስታየኝ ዓይንህ አይርገበገብም።»

አሁን ይነግራታል፣ አይደል? አሁን እንኳን ይነግራታል።

«ደክሞኝ ነው» አላት። «እኔው ነኝ፣ አትፍሪ።»

አያችሁ? ያ ነገር ደጇን የረገጠው በራሱ ነው። በሩን የከፈተለት ግን አዛናው ነው። ስሙን ባሕር ላይ በዝምታ ሰጠው፤ ቤቱን ደግሞ በአፉ ሰጠው።

አሁን የመጨረሻው ሌሊት መጣ። ታንኳ ከምን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ፤ ደንገል ነው። ደንገል ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ሰው ከውሃ እንደወጣ ታንኳውን አቁሞ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል፤ ካልደረቀ እንደ ሰከረ ሰው ይከብዳል። ክረምት ነው፣ ፀሐይ የለም። ሌሎቹ ታንኳቸውን በየተራ ያሳርፋሉ፤ ታንኳህ ከባድ ነው፣ ዛሬ ከእኔ ጋር ግባ ይባባላሉ። አዛናው ግን ማንን ይዞ ይግባ? ምስጢሩ አያስገባም። ውሃ በጠጣው ታንኳ ላይ ዓሣ በዓሣ ጫነበት። ታንኳው ዝም ብሎ ሰጠመ። አልተገለበጠም፣ አልጮኸም። ቁጭ አለ።

አዛናው ዘሎ የዛፉን ሥር ያዘ። መረቡ እግሩ ላይ ተጠመጠመ። መረቡ ውስጥ ያሉት ዓሣዎች ወደ ታች ይጎትታሉ። ዝናቡ ይወርዳል። ውሃው ደረቱ ላይ ነው። አንገቱ ላይ ነው።

ስም መጠራት ጀመረ።

አዛናው ወሰነ። ስሜ ይውጣ፣ አለ። ሴቶቹ ይሳቁ፣ አለ። እንጉዳይን ባየሁ፣ አለ። እኔ ለአዛናው አዝናለሁ፤ ልቡ የተመለሰው እዚያች ላይ ነው።

«አዛናው!»

«አለሁ!» ብሎ ጮኸ። «የወንዙ አፍ ነኝ! ድረሱልኝ!»

ግን ዝናብ ነበረ፣ ሩቅ ነበረ። እዚያ መሃል ባሕር ላይ፣ ከታንኳዎቹ መካከል፣ ከአያ ቢምረው አጠገብ፣ አንድ ድምፅ በእርጋታ መለሰ።

«አለሁ፣ አያ!»

ቀጣዩ ተጠራ። መለሰ። ቀጣዩ ተጠራ። መለሰ። አዛናው ይጮሃል፣ ዝናቡ ይበላዋል። በመጨረሻ ያ የለመደው ድምፅ መጣ። «ውሃው ባዶ ነው!»

ወዲያው ዝናቡ ቀጥ አለ። አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል፤ ሲፈለግ አያቆም።

«አያ ቢምረው!» አለ አዛናው። ድምፁ አሁን ባሕሩን ሞላው። «እኔ አዛናው ነኝ! እኔ ነኝ!»

የመቅዘፊያው ድምፅ ሁሉ ቆመ። አዛናው አንገቱን ቀና አድርጎ አዳመጠ። አያ ቢምረው ደግ ሰው ነው። ይዞራል።

ከዚያ የገዛ ራሱን ድምፅ ሰማ። ከሩቅ፣ ረጋ ብሎ፣

«አትዙሩ፣ ወንድሞቼ። ይርሳው ነው።»

መቅዘፊያዎቹ እንደገና ውሃውን መቱ። ጆሯቸውን በምን እንደደፈኑ እንጃ፣ ሁለት እጃቸው ይቀዝፍ ነበር። ብቻ ማንም አልዞረም። አዛናውም ራሱ ስንት ጊዜ ሳይዞር ቀርቷል።

አላችሁ?

ሲነጋጋ አዛናው ያችን ቀጭን መንገድ ይዞ ወጣ። ብቻውን ነው። ግራና ቀኙ ደንገል ነው። በሩ ላይ ደርሶ መታ።

«እንጉዳይ! ክፈቺልኝ!»

«ማነው?» አለች ከውስጥ።

«እኔ ነኝ። አዛናው ነኝ።»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አዛናው እዚህ አጠገቤ ተኝቷል» አለች።

«እሱ እኔ አይደለሁም! ያን ጊዜም በር ላይ የቆመው እኔ አልነበርኩም፣ እሳቱን ያጠፋውም እኔ አይደለሁም! የወንዙ አፍ ነበርኩ እንጉዳይ፣ ደብቄሽ ነው!»

«ኧረ በስመ አብ!» አለች። «ጠይቄዋለሁ እኮ። ሁለቴም ጠይቄዋለሁ። እኔ ነኝ ብሎኛል።»

አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ። አንድ ሰው ተነሥቶ ወደ በሩ መጣ። ከበሩ ወዲያ ማዶ ቆመ።

«አትክፈቺ» አላት። «ውሃው ባዶ ነው።»

አዛናው በሩን በትከሻው ሊገፋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። እግሩን የሆነ ነገር ያዘው። ጎንበስ ብሎ አየ። መረቡ ነው። መረቡ እግሩ ላይ እንደተጠመጠመ ነው፤ ጫፉ በመንገዱ ላይ ወርዶ፣ ደንገሉን ሰንጥቆ፣ ውሃው ውስጥ ገብቷል። ከዚያ ወገን የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ይጎትታል።

ያኔ አዛናው ከውሃው እንዳልወጣ ገባው።

የቀረው ይህን ያህል አይደለም። በቤቱ ውስጥ የቀረው ሰውዬ ኖረ። ጎበዝ ሠራተኛ ሆነ። አይጠጣም። የወንዙ አፍ ድርሽ አይልም፤ ሌላ ሰውም እንዳይጠጋ የሚቆጣው እሱ ነው። ስሙ ሲጠራ እንደሱ ፈጥኖ የሚመልስ አልነበረም። የመንደሩ ሰው ወደደው። አንዳንዶቹ ከአጠገቡ ሲቀዝፉ የመቅዘፊያው ድምፅ እንደማይሰማ ልብ ብለዋል። ግን ስሙ ይጠራል፣ ይመልሳል። ሌላ ምን ይፈለጋል? እንጉዳይም አብራው ኖረች። የቤቷ ወለል ግን በጋ ከክረምት አይደርቅም ነበር። ስለ እሱ የጠየቃት ሰው ቢኖር ወሬውን ትለውጣለች።

አዛናውስ? አዛናው እዚያው ነው። ስም ሲጠራ ይሰማል። የራሱ ስም ሲጠራ ይሰማል፤ ሌላው ሲመልስለትም ይሰማል። እሱ የሚጠብቀው የራሱን ስም አይደለም፤ ያ ስም በሌላው ተይዟል። አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ተጠርቶ ዝም የሚልባትን ሌሊት ነው የሚጠብቀው። ቦታው የግድ ባሕር መሆን የለበትም ይላሉ። ስም የሚጠራበት ቦታ ሁሉ ይበቃዋል።

ስለዚህ ስትሄዱ ብቻችሁን አትሂዱ። የተጠራ ሰው ደግሞ በራሱ አፍ ይመልስ።

ይኸው ኩራዙም ጠፋ። ይጥፋ። ተረቱን ሰምታችሁ ለጨረሳችሁ ስማችሁን ጠርቼ ላሰናብታችሁ። ተዋበች?

አለሽ። ደግ።

ቻላቸው?

አለህ።

ሞላልኝ?

ሞላልኝ!

እ... አለህ። ጥሩ። ግን ምነው ድምፅህ ወፈረ፣ ጉንፋን ይዞሃል እንዴ? ደግሞ መቼ ተነሥተህ ነው በሩ ጋ የሄድከው?

ቆይ። ቆዩ እስቲ። ይሄ ከጎኔ ግድግዳውን ተደግፎ የሚያንኮራፋው ማነው?

ቀስቅሱት። ኧረ ቶሎ ቀስቅሱት!